የክፍል ሁለት ኮምፓይለር

ሰኞ፣ 2

ዛሬ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። የስንብት ወረቀቴን ሊሰጠኝ ነው ብዬ ጫማዬን ወልውዬ ገባሁ፤ መባረርም ካለ በንጹሕ ጫማ ይሻላል። ይህን ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ታይፕ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ፊቴ ሲቀመጥ ሳያስበው ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል።

“መምህርት፣ ታይፕ የሚማር ሰው አልቋል” አለኝ። እውነቱን ነው። ባለፈው መንፈቅ አራት ተማሪ ነበረኝ፤ ከአራቱ አንዷ የምትመጣው ከእኔ ጋር ወግ ልትጠርቅ ነበር። “ስለዚህ ክፍል ሁለትን የፕሮግራሚንግ ክፍል ልናደርገው ነው። ለጀማሪዎች። አዲስ አስተማሪ መቅጠር አልተፈቀደልንም። እርስዎ ይችሉታል?”

“ለምን አልችልም” አልኩ። ምላሴ ነው የተናገረው፤ እኔን አላማከረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አምስት ሰው ተመዝግቧል። መንፈቁ ሲያልቅ ከዋናው ቢሮ ፈታኝ ትመጣለች። እያንዳንዱ ተማሪ ፊቷ ቁጭ ብሎ ከባዶ ገጽ ተነሥቶ አንዲት አጭር ፕሮግራም ይጽፋል። ከአሥራ አምስቱ አሥሩ ከቻሉ ክፍሉ ይቀጥላል፣ እኔም እቀጥላለሁ። ካልቻሉ ክፍል ሁለት የወንበር መጋዘን ይሆናል፣ እኔም የምስጋና ወረቀት ተቀብዬ ቤቴ እገባለሁ። ቋንቋው “ሲ” የሚባለው ነው፤ በራሪ ወረቀቱ ላይ ታትሟል፣ አይለወጥም። ኮምፓይለሩንና መጻፊያውን ግን እኔ እመርጣለሁ፤ እስከ ሐሙስ ሳምንት።

ኮምፓይለር። ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። ዳይሬክተሩ ይህን ሲነግረኝ ድሮ እንደማውቅ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ፈርቻለሁ። ግን ለራስ ደብተር መዋሸት ምን ይሠራል፣ ደስ ብሎኛል። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ደብዳቤ ስገለብጥ ኖሬ፣ የራሴን ትእዛዝ ልጽፍ ነው። ደብተሩንም የገዛሁት ለዚህ ነው፤ ሁሉም ነገር ከመጀመሪያው እንዲመዘገብ።

ማክሰኞ፣ 3

በምሳ ሰዓት መጽሐፍ ቤት። “ሲ ለጀማሪዎች”፣ ወፍራም፣ ሽፋኑ የተላጠ። ገዛሁት።

ማታ ለልጄ ደወልኩ። ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት፣ ይህንኑ ነገር ነው የምትማረው። ባለሙያ ወልጄ እያለሁ ምን ያስጨንቀኛል።

“እናንተ በምንድን ነው የምትጽፉት?” አልኳት።

“በትልቁ ኮምፓይለር ነው እማ። ሁሉም የሚጠቀመው እሱን ነው።”

“ጥሩ ነው?”

“ጥሩ ነው። ልሂድ በቃ፣ ክፍል አለኝ።”

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል አላት። እረፍት የሚባል ነገር አታውቅም ይህች ልጅ።

ሐሙስ፣ 5

ሠራ። ሠራ። ሠራ።

ከመጽሐፉ የመጀመሪያውን ምሳሌ ልጄ ትታው በሄደችው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ጥቁር መስኮት ብቅ አለና “ሰላም” አለኝ። እኔ በል ስላልኩት ነው ያለው። ዕድሜዋን ሙሉ “ጻፊ” ስትባል የኖረች ሴት ዛሬ “በል” አለች።

ባለቤቴ የመነጽር ባለሙያ ነው፤ ሥራውን ቤት ያመጣል። ጩኸቴን ሰምቶ ሌንስ በእጁ እንደያዘ ሮጦ መጣ።

“ምን ሆንሽ?”

“ታዘዘልኝ።”

“ማን?”

“ማሽኑ።”

“እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ስታዘዝልሽ እንዲህ ጮኸሽ አታውቂም” ብሎ ወደ ሌንሱ ተመለሰ።

ከዚያ ሁለተኛውን ምሳሌ፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ስምንተኛው ሄድኩ። ሁሉም በመጀመሪያው ሠሩ። ተማሪዎቼ “ዘጠና” የሚሉኝ በከንቱ አይደለም፤ በደቂቃ ዘጠና ቃል፣ ያለ አንድ ግድፈት። የ“ሲ” መስመር የሚያልቀው በሴሚኮለን (;) ነው፤ ሴሚኮለን ደግሞ የቀኝ ትንሿ ጣቴ ማረፊያ ናት። ቋንቋው ለእኔ ተብሎ የተሠራ መሰለኝ። ትምህርቱ ይከብዳል የሚሉ ሰዎች ታይፕ ስለማይችሉ ነው።

እሁድ፣ 8

ሦስት ዓይነት ኮምፓይለር አግኝቼ ሦስቱንም ሞከርኩ። ከመጽሐፉ ሃያ ምሳሌ በእያንዳንዱ ላይ ጻፍኩ፤ በድምሩ ስድሳ ፕሮግራም። ስድሳውም ሠራ። አንድም ነገር አልተበላሸብኝም። እንግዲህ ምርጫው በመልክ ሆነ።

ትልቁ የሚኒስትር ቢሮ ይመስላል። በግራ መዝገብ፣ በቀኝ መዝገብ፣ ከላይ የአዝራር መዓት። አንዲት መስመር ለመጻፍ መጀመሪያ ፕሮጀክት ፍጠሪ፣ ስም ስጪው፣ የት ልኑር ይላል። ለመከፈት ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ትልቅ ሰውም ቢሮ በር ላይ ያስጠብቃል። ሰማያዊው ያረጀ ነው፤ ማውዝ አይወድም፣ ስክሪኑ ዐይን ያደክማል። ሦስተኛዋን “ትንሿ” ብያታለሁ። ከላይ ይጻፍባታል፣ ከታች ትመልሳለች፣ አለቀ። ምልክቷ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል። ከተማሪዎቼ አንዱ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው ተብያለሁ፤ እሱ ፊት ይህችን ብከፍት ናቀችኝ ይላል።

ትልቁን መረጥኩ። ልጄም የምትሠራበት እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት የተማረ ሰው ምክር አይናቅም።

ዛሬ ስትደውል ከእኔ ጋር ሁለት ደቂቃ አላወራችም። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብሎ በረንዳ ወጣ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር “አይዞሽ፣ እኔ አልነግራትም፤ ራስሽ ትነግሪያታለሽ” ሲል ሰማሁት። ለልደቴ የሆነ ነገር እያሰቡ ይሆናል። ልደቴ ግን ገና አራት ወር ይቀረዋል።

ረቡዕ፣ 11

ነገ “በረዶ” ይመጣል። ከዋናው ቢሮ የሚላክ ቴክኒሻን ነው። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የፍርሃት አይደለም፣ የደስታ ነው። መሰለኝ።

ሐሙስ፣ 12

በረዶ የሚሉት ማሽን ስለሚያቀዘቅዝ ነው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ልጅ ነው። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት እንዲህ አለኝ፦

“እትዬ፣ ልብ ይበሉ። እኔ አንዴ ካቀዘቀዝኩት በኋላ ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ዛሬ እንደነበረው ሆኖ ነው የሚነሣው። ተማሪ ያበላሸው ይስተካከላል፣ ተማሪ የጫነው ይጠፋል። የሥራ ፋይላቸውን በፍላሽ ይያዙ። እኔ የምመለሰው በዓመቱ ነው። የቱን ልጫን?”

“ትልቁን።”

“ለጀማሪ?”

“ልጄ ዩኒቨርሲቲ የምትማርበት እሱ ነው።”

“እሺ እንግዲህ” አለ። አባባሉ አልጣመኝም፤ ቢሆንም አሥራ ስድስቱም ማሽን ላይ ጭኖ አቀዘቀዘልኝ። ሲጨርስ ክፍሉን ብቻዬን ዞርኩት። ሁሉም ስክሪን ላይ አንድ ዓይነት ምልክት፣ በሰልፍ። ሰኞ እስኪደርስ ቸኮልኩ።

ሰኞ፣ 16

ስለ ዛሬ በዝርዝር ልጻፍ፤ ካልጻፍኩት ነገ አሳምሬ ለራሴ እነግረዋለሁ።

ሁሉም በሰዓቱ ገቡ። ሹፌሩ መጀመሪያ ወንበር ላይ፤ ወገቡን ታሞ ከመሪ የወረደ፣ ትከሻው ሁለት ወንበር የሚሞላ ሰው። አጠገቡ ልብስ ሰፊዋ፤ ከልብስ ፋብሪካ ሥራ የቀነሷት፣ መቀሷን ዛሬም በቦርሳዋ የያዘች። የሌሎቹን መልክ ገና እያጠናሁ ነው።

“ክፈቱት” አልኩ። ስድስት ደቂቃ ጠበቅን። ልጄ የተወችው ኮምፒውተር ላይ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ከዚያ ፕሮጀክት ፍጠሩ። ግማሹ አንድ ነገር ፈጠረ፣ ግማሹ ሌላ። ሃያ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ አንድ ፊደል አልተጻፈም። አይዞን ብዬ “ሰላም” የምትለዋን ፕሮግራም በሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አምስት መስመር ናት። ገለበጡ።

ሹፌሩ ቁልፉን ተጫነ። የስክሪኑ ግማሽ ቀይ ሆነ። ቆጠርኩት፤ አርባ አንድ መስመር። አምስት መስመር ጽፎ አርባ አንድ ጥፋት።

“መምህርት፣ ምን አጠፋሁ?” አለኝ።

ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። ረጃጅም ቃላት፣ ቁጥሮች፣ እኛ ያልጻፍነውን ፋይል ስም እየጠራ ይከሳል። ጉዴ ፈላ። አንዱም አልገባኝም። “እንደገና ይጻፉት” አልኩት። እንደገና ጻፈ። ሠላሳ ስምንት። ልብስ ሰፊዋ ሃያ ሁለት። ወደ ኋላ ዞርኩ፤ ክፍሉ በሙሉ ቀልቷል። በዚያ ሁሉ ቀይ መሐል የኔ ማሽን ብቻ “ሰላም” ብሎ ቆሟል።

ሰዓቱ ሲያልቅ ሹፌሩ ቦርሳውን አነሣና “ዕድሜ ነው፣ ጭንቅላታችን ደርቋል” አለ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይደለም ማለት ነበረብኝ። ሰሌዳውን መጥረግ ጀመርኩ፤ ለምን እንዳላልኩ እስከ አሁን እያብሰለሰልኩ ነው።

ማክሰኞ፣ 17

አሥራ ሁለት መጡ። ስልሳ ሦስት ቀይ መስመር በአንድ ስክሪን። መናገር አልፈልግም።

ሐሙስ፣ 19

ኮሪደር ላይ ሁለቱ የመዝገብ ቤት ሴቶች፦ “ዘጠና ዜሮ ሆነችልሽ።” ሰምቼ እንዳልሰማ አለፍኩ። ማለፉን እንኳ አሳመርኩት።

ዛሬ ዘጠኝ ተማሪ ነው የመጣው። ሹፌሩ ቀርቷል ብዬ ነበር፤ ዘግይቶ ገባ። ከክፍል በኋላ ጠብቆኝ እንዲህ አለኝ፦ “መምህርት፣ አይቆጡኝና፣ እርስዎ ሲሳሳቱ ይህ ማሽን ምን ይልዎታል?”

“አልተሳሳትኩም” አልኩት።

“አንዴም?”

“አንዴም።”

ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። “እኔን መንዳት ያስተማረኝ ሰውዬ መጀመሪያ መኪናዋን ቦይ ውስጥ አስገባኝ፤ ከዚያ አውጣት አለኝ። እርስዎ ቦይ ገብተው አያውቁማ።”

አውቶቡስ ውስጥ ነው የገባኝ፤ መውረጃዬን አለፍኩ። ስድሳ ፕሮግራም ጽፌ ስድሳውም ሲሠራ ያየሁት የራሴን ጣቶች ነው እንጂ የሦስቱን መሣሪያ ጠባይ አይደለም። ሰው ሲሳሳት የትኛው ምን እንደሚል አላየሁም። ለጀማሪ የሚሆን መምረጥ ማለት እኮ እሱን ማየት ነበር። ጀማሪ ከመሳሳት ሌላ ምን ሥራ አለው? በመልክ መረጥኩ፣ እንደ መጋረጃ።

ቅዳሜ፣ 21

ዛሬ ስህተት ተለማመድኩ። ቀኑን ሙሉ። እንዲህ የሳቅሁበት ቅዳሜ ትዝ አይለኝም።

መሳሳት ከባድ ሥራ ነው። ሴሚኮለኑን ተዪ እላታለሁ፣ ትንሿ ጣቴ ሳታስፈቅደኝ ትጫናለች። በመጨረሻ ባለቤቴን ጣቷን በፕላስተር አጣብቅልኝ አልኩት። አጣበቀልኝ፤ ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቀም። ከዚያ “አንተ ና ጻፍ” አልኩት። ባለቤቴ በሁለት ጣት ነው የሚጽፈው፤ የስህተት ጎተራ ነው። አሥራ ሁለት ዓይነት ግድፈት አወጣን፦ የጎደለ ሴሚኮለን፣ ያልተዘጋ ቅንፍ፣ ያልተዘጋ ጥቅስ፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ቃል፣ እንዲህ እያልን። አሥራ ሁለቱንም በሦስቱም ላይ ሞከርን።

ትልቁ ለእያንዳንዷ የክስ መዝገብ ይከፍታል። አንዲት ቅንፍ ከላይ ከጎደለች ከሥር ያለውን ሁሉ ይከሳል። ለባለሙያ ጥሩ ይሆናል፤ ባለሙያ የቱን ማንበብ እንዳለበት ያውቃል። ሰማያዊው አንዲት ቃል ጥሎብሽ ዝም ይላል። ትንሿ ግን በመጀመሪያው ስህተት ላይ ትቆማለች። አንድ ብቻ ትናገራለች። መስመሩን ቢጫ ታደርግና ቀስት ታሳያለች፤ ከሥሩም በአጭሩ፦ “እዚህ ወይም ከዚህ በፊት ባለው መስመር ሴሚኮለን ሳይረሳ አልቀረም።” ባለቤቴ መነጽሩን አወለቀና “ይህቺ ሰው ታከብራለች” አለ። በገዛ እጁ አስተካክሎ ሲሠራለት ደግሞ እሱም ጮኸ፤ የመጀመሪያዋ “ሰላም” ዕለት በእኔ ሲቀልድ የነበረው ሰው።

ንቄያት የነበረችው ትንሿ ናት የምታስፈልገን። ችግሩ አሥራ ስድስቱም ማሽን ቀዝቅዘዋል።

እሁድ፣ 22

ልጄ ደወለች። ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፦ “አንቺ ነሽ ትልቁን ያስመረጥሽኝ። ሁለት ዓመት ተምረሽ ለጀማሪ እንደማይሆን አታውቂም ነበር?”

“አላውቅም እማ” አለች። ድምፅዋ ከታች ነበር የመጣው።

“እንዴት አታውቂም? ያልገባሽን ነገር ጥሩ ነው ብለሽ ታወሪያለሽ?”

ተቋረጠ። የኔትወርክ ነገር ነው። መልሼ ደወልኩ፣ አይነሣም።

ባለቤቴ ከወንበሩ ሆኖ ሲሰማ ነበር። “ልጅቷን እንደ ፈተና ወረቀት ነው የምታርሚያት” አለኝ። እኔ? ትንሽ እያለች የቤት ሥራዋን በቀይ ያረምኩላት ለእሷ ብዬ ነው። አንድ ገጽ ላይ ብዙ ቀይ ሲኖር ደብተሩን አልጋ ሥር ትደብቅ ነበር፣ አዎ። ልጅ ያደርገዋል። ይህን አሁን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዛሬ ያልኳትን ግን መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ሰኞ፣ 23

ዳይሬክተሩ ቢሮ። በረዶን መልሱልኝ፣ ማሽኖቹ ይቅለጡ፣ ትንሿ ትጫን አልኩ።

ፊቱን በእጁ ያዘ። በረዶን ካለ ጊዜው ለማስጠራት የጽሑፍ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ መጻፍ አለበት፤ ማመልከቻውን ደግሞ የምታየው ያቺው ፈታኟ ናት። “ማሽኖቹ አልቻሉም ብለን እንጻፍ” አለኝ። “ማንም አይጎዳም።”

ልቤ ወደዚያው አዘንብሎ ነበር፣ አልዋሽም። ግን ይህን መሥሪያ ቤት አውቀዋለሁ። ማሽኖቹ አልቻሉም ከተባለ ግዥ ክፍል ይገባበታል፤ ግዥ ክፍል ከገባበት መንፈቁ አልቆ ሌላ መንፈቅ ይጀምራል።

“ምክንያቱ እኔ ነኝ” አልኩት።

“መምህርት፣ ይህ ከግል ማኅደርዎ ጋር ይያያዛል።”

“ይያያዝ።”

ማክሰኞ፣ 24

ማመልከቻውን ራሴ ታይፕ አደረግሁት። “ለጀማሪዎች የማይሆን መሣሪያ የመረጥኩት እኔ ነኝ። የመረጥኩትም ተማሪ ሲሳሳት ምን እንደሚገጥመው ሳልሞክር ነው።” ሁለት ዐረፍተ ነገር፤ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በደቂቃ ዘጠና ቃል የምትጽፈው ሴትዮ። ፈረምኩበት። ስወጣ ፉጨት እያፏጨሁ አገኘሁት ራሴን።

(አዲስ ወር) ሐሙስ፣ 3

በረዶ መጣ። ማመልከቻውን አንብቦታል። “እትዬ፣ እኔ ያኔ ልነግርዎት ነበር” አለኝ።

“‘እሺ እንግዲህ’ ብለህ?”

አፈረ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም አቀለጠ፣ ትንሿን ጫነ፣ መልሶ አቀዘቀዘ። ለሦስት ሰዓት ተኩል ሻይ እንኳ አልጠጣም። ሲሄድ ስልክ ቁጥሩን በወረቀት ተወልኝ።

መምጣት ላቆሙት ስድስት ተማሪዎች አንድ በአንድ ደወልኩ። “ጥፋቱ የእናንተ ጭንቅላት አይደለም፤ የኔ ምርጫ ነው፤ ተለውጧል፤ ተመለሱ።” አምስቱ እሺ አሉ። ስድስተኛዋ አስባለሁ አለች።

ረቡዕ፣ 9

አሥራ አምስቱም አሉ። ትንሿ በዐሥር ሰከንድ ትከፈታለች። ሹፌሩ “ሰላም” አስባላት። እጁን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ቆየ። ሩጫ ላይ ነኝ፣ በኋላ እጽፋለሁ።

እሁድ፣ 13

አዲስ ሥርዐት አለን። አንድ ስህተት ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘ ሰው ስሙን ለስህተቱ ይሰጣል፤ ትንሿ ያለችውንም በአማርኛ ተርጉመን ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። የጎደለ ሴሚኮለን “የሹፌሩ” ነው፤ ፍሬን ሳይዙ ማለፍ ነው ይላል ራሱ። ያልተዘጋ ጥቅስ “የልብስ ሰፊዋ”፤ ክሩን ሳልቋጭ ተነሣሁ አለች። አሁን ሰው ቢጫ መስመር ሲያይ አይደነግጥም፤ ማን ናት ብሎ ግድግዳውን ይፈልጋል። አዲስ ከሆነችማ ክፍሉ ያጨበጭባል። ሃያ ሁለት ዓመት ስህተት የሠራን ተማሪ ገጹን ቀድጄ እንደገና አስጀምር ነበር። ስንት ገጽ ቀድጄ ይሆን።

ልጄ ስልክ አታነሣም። ጥናት ላይ ናት ይላል አባቷ፤ ሲለኝ ዐይኔን አያይም።

ሰኞ፣ 21

ዛሬ እኔ ተሳሳትኩ። ሳላስበው፣ በፕሮጀክተር፣ በሁሉም ፊት። ሁለት ቁጥር እኩል መሆናቸውን ለመጠየቅ ሁለት የእኩል ምልክት ያስፈልጋል፤ እኔ አንድ ጻፍኩ። ትንሿ ቢጫ አሳየችና “ማነጻጸር ፈልገሽ ነው?” የሚመስል ነገር አለች።

ፊቴ ጋለ። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ በማርከር ግድግዳው ላይ “የመምህርት” ብላ ጻፈች፤ አጨበጨቡልኝ። ሹፌሩ “እንኳን ደህና መጡ” አለኝ። ሳቅሁ፤ ዕንባዬም ነበር። ቁጥር ሃያ ሦስት ሆኖ ተለጠፈ።

(ሦስተኛው ወር) ረቡዕ፣ 14

ነገ ፈተና። አሥር ሰው ያስፈልጋል። በእርግጠኝነት የምቆጥራቸው ሰባት። ስምንት። ሹፌሩን ልቆጥረው ወይስ አልቁጠረው? ጫማዬን ወለወልኩ።

ሐሙስ፣ 15

ፈታኟ ባለ አጭር ጠጉር፣ ባለ አጭር ንግግር ናት። የግድግዳውን ወረቀት ከአንድ እስከ ሠላሳ አራት ቆማ አነበበች። ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረች። “ሦስት ቁጥር ተቀብሎ ትልቁን የሚያሳይ ፕሮግራም። አርባ ደቂቃ።” እኔን በር አጠገብ አስቀመጠችኝ፤ መናገር ክልክል።

በሃያኛው ደቂቃ አራት ጨረሱ። በሠላሳኛው ሰባት። በሠላሳ አምስተኛው ዘጠኝ፤ እዚያ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ላቡን በክንዱ ይጠርጋል። ስክሪኑ ቢጫ ነው፤ ከበሩ ይታየኛል። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ ጥፋቱ ስድስተኛው መስመር ላይ አይደለም፣ አምስተኛው ላይ ነው። ምላሴን ነከስኩ። እሱ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ወደ ኋላ ተደገፈ። “የኔዋ ናት” አለ፣ ለማንም ሳይሆን፤ ወደ አምስተኛው መስመር ወጥቶ አስገባትና ተጫነ። ሠራ። አሥር።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ፤ ደቂቃ ሲቀራት። አሥራ አንድ።

ዳይሬክተሩ እጄን ጨብጦ “ክፍል ሁለት የእርስዎ ነው” አለኝ። ተማሪዎቹ ኮሪደር ላይ ይጯጯኻሉ፤ የመዝገብ ቤት ሴቶችም ብቅ ብለው አዩ። ፈታኟ ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

“ማመልከቻውን የጻፉት እርስዎ ነዎት?”

“እኔ ነኝ።”

“እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲደርሰኝ የመጀመሪያዬ ነው” አለችና ሄደች። ክብር ይሁን ወቀሳ እስከ አሁን አልለየሁትም።

ዛሬ ደስታዬ ጣሪያ ነክቷል። ለልጄ ደወልኩ፣ አላነሣችም። አጭር መልእክት ላክሁላት፦ “አልፈናል። ያን ቀን የተናገርኩሽ የኔ ጥፋት ነው። ያንቺ አልነበረም።”

እሁድ፣ 18

ደወለች። ራሷ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ አርባ አንዱን ቀይ መስመር፣ ጣቴ በፕላስተር መታሰሩን፣ ማመልከቻውን።

“ስህተት ሠራሁ ብለሽ ጻፍሽ?” አለች። “አንቺ? ፈርመሽበት?”

“ፈርሜበት።”

እስትንፋሷ ይሰማኛል። ከዚያ፦ “እማ፣ እኔ ባለፈው ዓመት ሦስት ትምህርት ወድቄያለሁ። በዚህ መንፈቅ ክፍል ገብቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። ያንን ትልቁን ስከፍተው ቀይ ብቻ ነው የሚያሳየኝ፤ እዘጋዋለሁ። አባዬ ያውቃል። አንቺን ፈራሁሽ።”

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሟል። የሚያየው እኔን ነው። አፌ ላይ የመጣው የድሮው ነው፤ እንዴት፣ ለምን፣ ይህን ሁሉ ጊዜ። ዋጥኩት።

“ከመቼ ጀምሮ ነው የጠፋብሽ?” አልኳት።

“ከመጀመሪያው ሳምንት።”

“ማሽኑ አጠገብሽ ነው?”

“አዎ።”

“ክፈቺው። የሚልሽን አንብቢልኝ፤ አንዱን ብቻ፣ የመጀመሪያውን። እኔ እጽፋለሁ።”

እስኪከፈት ጠበቅን። ሌላ ወረቀት አጣሁና በዚሁ ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። ባለቤቴ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። እያለቀሰች ነው የምታነበው፤ ቃላቱ ይቆራረጣሉ፤ ቀስ በይ፣ ጊዜ አለን አልኳት።

“መስመር ሦስት” ትላለች።

መስመር ሦስት። ቀጥዪ ልጄ፣ እየሰማሁሽ ነው።